የጄሮም አውራ ጣት

የብሩሽ ዱካ የማይታይበት ሥዕል ትዕግሥት ይፈታተናል። የዘይት ቀለሙን በስሱ እየደራረቡ፣ አንዱ ድርብ እስኪደርቅ ሌላውን እያቆዩ፣ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበትን ጠርዝ በለስላሳ ብሩሽ እያዋሐዱ መሄድን ይጠይቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ዘንድ የበሰለ ሠዓሊ የሚለካው በዚህ ልስላሴ ነበር። ከተካኑበት አንዱ ዣን ሊዮን ጄሮም ነው። እኔም ስለ ልስላሴ ሳስብ እ.ኤ.አ. በ1872 የሣለው «ፖሊቼ ቬርሶ» ይመጣብኛል፤ ዛሬ አሪዞና፣ በፊኒክስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

በሮም የትግል ሜዳ አሸናፊው ግላዲያተር ተሸናፊውን ረግጦ ቆሟል። የወደቀው እጁን ዘርግቶ ምሕረት ይለምናል። ከፊት ረድፍ ነጭ የለበሱት የቬስታ ደናግል አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ደፍተው ሞት ይፈርዳሉ። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ብርሃኑ ነው። ከላይ በተወጠረው ዳስ ክፍተት የሾለከው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ሰንበር ሠርቷል፤ ተመልካቹ ዳሱን ሳያየው መኖሩን ያውቃል።

ጄሮም የራስ ቁሩንና ጥሩሩን የሣለው ከፖምፔይ ቁፋሮ የወጡ የግላዲያተር ትጥቆችን አጥንቶ ነው። የአውራ ጣቱ ነገር ግን ሌላ ነው። የጥንት ሮማውያን ጽሑፎች ሕዝቡ አውራ ጣቱን ያዞር እንደነበር ይናገራሉ እንጂ ወደየት እንደሚያዞር ለይተው አይነግሩንም። ጸሐፊ «ምናልባት» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ሠዓሊ ግን ጣቱን ወደ አንድ ወገን ማዞር ግድ ይለዋል። በጥንቃቄ የተሣለው የራስ ቁር ለግምቱ ዋስ ሆነለት። የሥዕል ነጋዴው አማቱ ጉፒል ቅጂዎቹን አሳትሞ በየአገሩ ሸጠ። ሪድሊ ስኮትም እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን «ግላዲያተር» ፊልም ለመሥራት የተሳበው ይህን ሥዕል አይቶ ነው። ዛሬ የተደፋ አውራ ጣት የሞት ፍርድ መሆኑን የሚጠራጠር ብዙ ሰው የለም።

ሥዕሉ ከተሠራ ከሁለት ዓመት በኋላ ኢምፕረሽኒስቶች ብሩሻቸውን ሳይደብቁ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕያቸውን ከፈቱ። ጄሮም እስከ መጨረሻው ተቃወማቸው፤ የኋላው ዘመን ግን ለእነሱ ፈረደ፣ የአካዳሚው ልስላሴም ለረጅም ጊዜ መናቂያ ሆነ። እኔ ንቀቱን አልጋራም፤ እንደዚያ መሣል እጅን ይፈትናል። የምጠነቀቀው ከጉልበቱ ነው። ብሩሹ የሚታይበት ሥዕል ሰው እንደሠራው ይናገራል። ለስላሳው ግን ሠሪውን ደብቆ «እንዲህ ነበር» ብሎ ይመሰክራል።

ስለዚህ የታሪክ ሥዕል ስሠራ በማስረጃ የማውቀውን ልብስና መሣሪያ እስከ ጫፉ አለሰልሳለሁ። የገመትኩትን ወይ ጥላ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ወይ ብሩሹ ሻካራ እንደሆነ እተወዋለሁ። ጄሮም መምህሬ ቢሆን ኖሮ ሥራህን ጨርስ ብሎ ይመልሰኝ ነበር።