«አጣባቂ» ወይስ «አገናኝ»? ስለ ኢንተግሪን ስያሜና ፍቺ

ለአንድ የሙያ ቃል አቻ ሲፈለግ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ነገሩ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ኢንተግሪን በመባል የሚታወቀውን የፕሮቲን ቤተሰብ «አጣባቂ ፕሮቲን» ብሎ መተርጎም ለዚህ ጥያቄ እኩሌታውን ብቻ የሚመልስ ሆኖ አግኝተነዋል።

ስያሜው የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የሕዋስን ሽፋን ዘልቆ የውስጡን አውታር ከውጭው የፕሮቲን መረብ ጋር የሚያያይዘውን ውሕድ ለማመልከት ነበር። በሰው አካል 18 አልፋና 8 ቤታ ክፍሎች እየተጣመሩ 24 ዓይነት ኢንተግሪኖችን ይሰጣሉ። እነዚህም ሕዋሱን በቦታው ከማጽናት ሌላ፣ መልእክትን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥም ወደ ውጭ ያሻግራሉ።

«አጣባቂ» ሲባል የአማርኛ አንባቢ የሚያስበው ሙጫን ነው፤ ሙጫ ደግሞ ጊዜና ሁኔታ አይለይም። በፕሌትሌቶች ላይ የሚገኘው ኢንተግሪን ግን የደም ሥር እስኪጎዳ ድረስ ታጥፎ ይቆያል፤ ጉዳት ሲደርስ ከውስጥ በሚመጣ መልእክት ተዘርግቶ ፋይብሪኖጅንን ይይዛል፤ ፕሌትሌቶቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። እንደ ሙጫ ሁልጊዜ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ደም በጤናማው ሥር ውስጥ በረጋ ነበር። ቲሮፊባን የተባለው መድኃኒት ይህንኑ ኢንተግሪን ያግዳል፤ ሙጫን በልቡ ይዞ የተነሣ ተርጓሚ ግን መድኃኒቱን «የረጋ ደም አሟሚ» ሊለው ይችላል። ስሕተቱ ከቃል አልፎ ወደ ሕክምና ይገባል ማለት ነው።

ከ«ጨበጠ» «ጨባጭ» እንዳይባል፣ ይኸው ሥር በሕክምና ቋንቋ «ጨብጥ» የተባለውን በሽታ ሰጥቷል። «ምልክት ማስተላለፍ» እንዳይባልም፣ «ምልክት» ለሐኪሙ የበሽታ ምልክት ነው፤ «መልእክት» ይሻላል። «ተገናኘ» ግን ሁለቱንም ፍቺ አስማምቶ ይዟል፤ በአካል መገጣጠምም፣ መልእክት መለዋወጥም መገናኘት ነውና።

ይሁን እንጂ «አገናኝ» ለስያሜነት ሰፊ ነው። በአብዛኛው ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዙት፣ ካልሲየም የሚሹት ካድሄሪኖችም አገናኞች ናቸው። ስለዚህ በበኩላችን፣ ስሙ «ኢንተግሪን» እንደሆነ ጸንቶ፣ ፍቺው «ሕዋስን ከአካባቢው ጋር የሚያገናኝና በሁለቱም አቅጣጫ መልእክት የሚያሻግር የሽፋን ፕሮቲን» ቢባል እንመርጣለን። ቃል መዋስ ለቋንቋው ውርደት አይደለም፤ ጎደሎ ፍቺ ግን አንባቢውን ይጎዳል።