«መክፈቻ» የሚለው ስያሜ ስለሚሰውረው ነገር፦ በጋራዥ በር ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

በሰሜን አሜሪካ አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች፣ በተለይም በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ የሚሠራ የመኪና ማደሪያ የተለመደ ነገር ነው። የዚህ ማደሪያ በር እንደ ቤት በር በማጠፊያ የሚዞር አይደለም። በአግድም ከተገጣጠሙ ሰፋፊ ሳንቃዎች የተሠራ ሆኖ ግራና ቀኝ በቆሙ ሐዲዶች ውስጥ ሽቅብ እየተንሸራተተ ሄዶ በጣሪያው ሥር ይተኛል። በሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ መሣሪያ በእንግሊዝኛ ከሚጠራበት ስም ቃል በቃል ተወስዶ በአማርኛ «የጋራዥ በር መክፈቻ» ይባላል። ይህ ስያሜ ከቃል አመሠራረት አንጻር ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ መሣሪያው ምን እንደሚሠራና አደጋው ከወዴት እንደሚመጣ ለባለቤቱ አይነግረውም፤ እንዲያውም ይሰውርበታል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በዚሁ ላይ ነው።

አስቀድመን ስለ «ጋራዥ» ጥቂት እንበል። ቃሉ በአገር ቤት አማርኛ በመጀመሪያ የሚያመለክተው የመኪና መጠገኛን ነው። «መኪናው ጋራዥ ገብቷል» የተባለ እንደሆነ አዲስ አበባ ያለ ሰሚ «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ መኪናው በሰላም አደረ ብሎ አይረዳም። በውጭ አገር ያለው ተናጋሪ ግን ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሲናገር ማደሪያውን ማለቱ ነው። ስለዚህ ቃሉ በመዝገበ ቃላት ሁለት ፍቺ ሊሰጠው ይገባል። «የመኪና ቤት» በሚል ቃል ለመተካት መድከም ግን አያስፈልግም፤ «ጋራዥ» ከገባ ቆይቷል፤ ሥርም ሰዷል።

«መክፈቻ» «ከፈተ» ከሚለው ግስ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። ቁልፍም መክፈቻ ነው፤ የጠርሙስ ቆርኪ የሚነሣበትም መክፈቻ ነው፤ የስብሰባ መጀመሪያም «የመክፈቻ ንግግር» አለው። በጋራዡ ዘንድ ደግሞ በእጅ የሚያዘው ሪሞት፣ በግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍና በጣሪያው ላይ የተሰቀለው ሞተር ሦስቱም በአንድ ቃል «መክፈቻ» ሊባሉ ይችላሉ። «መክፈቻው ተበላሸ» የሚል ሰው ባትሪ ይለወጥለት ወይስ ሞተር? እንግሊዝኛውም ቢሆን ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለም፤ ተናጋሪዎቹ ሪሞቱንም ሞተሩንም በአንድ ስም ይጠሩታል። ሆኖም ስለ ደኅንነት የሚደነግገው የአሜሪካ ፌዴራላዊ ደንብ ይህን የገበያ ስም ትቶ «ኦፐሬተር» የሚለውን መርጧል። ደንቡ ጥንቃቄ ያደረገበትን ቃል ትተን ገበያው ያደናገረውን የምንተረጉምበት ምክንያት አይታየንም።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ጉድለት ነው። «መክፈቻ» ያልነው መሣሪያ በከፈተው መጠን ይዘጋል፤ ሰው የሚጎዳውም በአብዛኛው ሲዘጋ ነው። በአሜሪካ ሕፃናት በሚወርድ በር ሥር እየተያዙ በመሞታቸው የአገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሕግ አወጣ፤ ከጥር 1 ቀን 1993 ጀምሮ የሚሠሩ የመኖሪያ ቤት መሣሪያዎች ሁሉ ሰው ከበሩ ሥር እንዳይያዝ የሚከላከል ተጨማሪ መጠበቂያ እንዲኖራቸው ግድ ሆነ። የሕጉ ጭንቀት ስለ መዝጋት ሲሆን የመሣሪያው ስም ግን ስለ መክፈት ብቻ ይናገራል። የሚከፍትም የሚዘጋም፣ በደጃፉም ማን እንዳለ የሚያይ «በረኛ» ነው ብሎ የሚከራከር ቢነሣ ሐሳቡ ከ«መክፈቻ» ይልቅ ለእውነት የቀረበ በሆነ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ በረኛነቱን እግር ኳስ ወስዶታል። እኛ «የበር አንቀሳቃሽ» የሚለውን እንመርጣለን። ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድን ያቅፋል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነም ያለ አግባብ አይወስንም።

ክብደቱን የሚሸከመው ማን ነው? ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት መኪና የሚያስገባ የብረት በር ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ሞተሩ ግን ብዙውን ጊዜ የፈረስ ጉልበት ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ሞተር ያን ሁሉ ክብደት በየቀኑ የሚያነሣ ይመስላል፤ ግን አያነሣም። በሩን የሚያነሣው ሞላ ነው። ከበሩ አናት በላይ በአግድም በተዘረጋ ዘንግ ላይ የተጠመዘዘ ጠንካራ ሞላ አለ፤ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉ መጠቅለያዎች ከበሩ ታችኛ ማዕዘኖች ጋር የታሰረ የብረት ገመድ ይጠቀልላሉ። በሩ ሲወርድ ገመዱ ከመጠቅለያው ይተረተራል፤ ሞላውም ይበልጥ ይጠመዘዛል። በሩ ሲወጣ ሞላው ጉልበቱን እየመለሰ ይፈታል። በሩ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር የላይኛው ክፍሉ በአግድሙ ሐዲድ ላይ ስለሚያርፍ በገመዱ ላይ የሚቀረው ክብደት ይቀንሳል፤ የሞላውም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንዲህ ሚዛኑ ሲጠበቅ ለሞተሩ የሚቀረው ሰበቃውን አሸንፎ በሩን መምራት ብቻ ነው። ሚዛኑ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በሩ ከተዘጋ በኋላ ከሞተሩ ተላቆ በእጅ እስከ እኩሌታው ሲነሣ ነው፤ በዚያው የቆመ እንደሆነ ደኅና ነው፤ ከወደቀ ወይም ሽቅብ ከተፈናጠረ ግን ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ስለ «ሞላ» ቃሉ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ምንጩ ጣልያንኛ ሲሆን ብሎንና ዳዶ በመጡበት መንገድ ከመካኒኩ ሙያ ጋር የገባ ነው። ነገር ግን «ሞላ» የሚል የራሳችን ግስ ስላለን፣ በሱም «ሰዓት ሞላ» እያልን የሰዓትን ሞላ መጠምዘዝ ስለምንገልጽ፣ ብዙ ተናጋሪ ስሙ ከግሱ የወጣ ይመስለዋል። ታሪኩ ስሕተት ቢሆንም ስሜቱ ግን ሊናቅ የሚገባው አይደለም። «የተሞላ ሞላ» ሲባል ጉልበት ታምቆበት የተቀመጠ፣ የፈቱት እንደሆነ የሚፈነዳ ነገር ወዲያው ይታሰባል። በሩ ተዘግቶ ጸጥ ባለ ጊዜ ሞላው እጅግ የተሞላበት ሰዓት ነው። ብሎኑን የሚፈታ ያልሠለጠነ ሰው እጁን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ገመዱ የታሰረበት የታችኛው ማዕዘን ብሎንም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በአንዳንዶች አነጋገር «ስፕሪንግ» የሚለው መግባቱ ትርፍ የለውም፤ ያለንን ቃል ከነማስጠንቀቂያው ያስጥለናል። በዘንግ ላይ የሚጠመዘዘውን «ተጠምዛዥ ሞላ»፣ ከጎን ሐዲዶቹ በላይ ተወጥሮ የሚለጠጠውን ሌላውን ዓይነት ደግሞ «ተለጣጭ ሞላ» ብንላቸው ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል።

አሁን ወደ «መክፈቻ» ጉዳት እንመለስ። ሞላው በተሰበረ ዕለት ሞተሩ ያቃስታል፤ በሩም አይነሣም። «መክፈቻ» የሚለውን ስም የለመደ ባለቤት ጥፋቱን ሞተሩ ላይ ይጥላል፤ «መክፈቻው አልከፍት አለ» ብሎ ደጋግሞ ያስነሣዋል፤ ወይም አዲስ ሞተር ይገዛል። ጥፋቱ ግን ከሞላው ነው። ስያሜው የተሳሳተ ምርመራ ጋብዟል።

ኃይል የሚያስተላልፉትን ክፍሎች ስያሜ በአጭሩ እናልፋለን። ሞተሩ በመካከለኛው ሐዲድ ላይ የሚሄድ አንድ ተንሸራታች ይጎትታል፤ ተንሸራታቹም በክንድ ከበሩ ጋር ተያይዟል። መጎተቻው ሰንሰለት ወይም ቺንጋ ወይም ረጅም ጥርሳም ዘንግ ሊሆን ይችላል። «ካቴና» በሙያው ዘንድ ቢታወቅም በብዙኃኑ ጆሮ የእስረኛ ስለሆነ «ሰንሰለት» ይበቃል። ቺንጋውን «ቀበቶ» የሚለው ትርጉም ግን ሊወገድ ይገባል፤ ቀበቶ የወገብ ነው።

ከተንሸራታቹ ላይ ቀይ እጀታ ያለው ገመድ ይንጠለጠላል። ይህ ሲሳብ በሩ ከሞተሩ ይላቀቅና በእጅ ይከፈታል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ መውጫው እሱ ነው። እዚህ ላይ «የአደጋ ጊዜ መፍቻ» የሚል ትርጉም የሚቀናው አለ። «ፈታ» ካለ «መፍቻ» ይገኛል ብሎ ቃሉን ላዋቀረው ሰው ሕጉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መፍቻ ማለት ለአማርኛ ተናጋሪ የብሎን መፍቻ ነው። በጨለማ ውስጥ መውጫ የጠፋው ሰው «መፍቻውን ተጠቀም» ሲባል የመሣሪያ ሳጥን ይፈልጋል። «ማላቀቂያ» ግን ሌላ ነገር አያሳስብም። ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በካሊፎርኒያ በተነሣው የሰደድ እሳት ወቅት መብራት ስለጠፋ የጋራዥ በራቸውን ከፍተው መሸሽ ያልቻሉ ሰዎች ሞተዋል። ግዛቲቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ አዲስ የሚገጠሙ አንቀሳቃሾች መጠባበቂያ ባትሪ እንዲኖራቸው ያዘዘችው ከዚያ በኋላ ነው። ባትሪ በሌለው ቤት ግን ዛሬም ተስፋው ያ ቀይ እጀታ ነው። በተቻለ መጠን የሚሳበውም በሩ ተዘግቶ ሳለ ነው፤ ሞላው ተሰብሮ በሩ ክፍት በሆነበት ጊዜ ቢላቀቅ በሩ ሳይታሰብ ይወድቃል።

ስለ መዝጋት ካነሣን መጠበቂያዎቹንም እንይ። አንደኛው ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ ከ15 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ላይ ተተክለው የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው። አንዱ የማይታይ ጨረር ይልካል፤ ሌላው ይቀበላል። ጨረሩ ከተቋረጠ በመውረድ ላይ ያለው በር ተመልሶ ይወጣል። ከፍታው ዝቅ ማለቱ ለሚድህ ሕፃን ተብሎ ነው። «ሴንሰር» የሚለው ውሰት ለባለሙያ ይሆናል፤ ለቤተሰብ ማስጠንቀቂያ ግን «ዓይን» የተሻለ ነው። «ዓይኑን አትከልሉት» ሲባል ልጅም ይገባዋል። ጨረሩን «ታሕተ ቀይ» ማለት ለፊዚክስ መጽሐፍ የተገባ ነው፤ በጋራዥ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ግን ግእዙ ማንንም አያድንም። ሁለተኛው መጠበቂያ በሩ አንዳች ነገር ሲነካ የሚመልሰው ነው። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሳንቃ በደጃፉ ወለል ላይ ጠፍጥፎ ማስተኛትና በሩን መዝጋት ነው። ሳንቃውን ነክቶ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ያልተመለሰ አንቀሳቃሽ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት።

ስለ ሪሞቱ የምንለው አንድ ነው። ቀደም ባሉት መሣሪያዎች የምሥጢሩ ቁጥር በጥቃቅን ማብሪያዎች የሚወሰን ነበር፤ 12 ማብሪያ ያለው 4,096 አማራጭ ብቻ ይሰጣል፤ ቁጥሩም ስለማይለወጥ ሌባ ከአየር ላይ ቀድቶ መልሶ ሊልከው ይችል ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ በተስፋፋው አሠራር ግን ቁጥሩ በተጫኑ ቁጥር ይለወጣል። እንግሊዝኛው ይህን በመንከባለል ስለሚመስለው ቃል በቃል «ተንከባላይ ኮድ» ማለት ይመጣል። የሚንከባለል ነገር ግን የለም። «ተለዋዋጭ ኮድ» ሊባል ይገባል።

ከላይ ላቀረብነው ሐሳብ መቃወሚያ እንደሚነሣበት እናውቃለን። «አንቀሳቃሽ» ሰፊ ቃል ነው፤ ሞተር ሁሉ አንቀሳቃሽ አይደለምን የሚል ይኖራል። «የበር» የሚለው ቅጽል ይህን ስፋት በበቂ ያጠብበዋል ብለን እናምናለን። በሥራው ላይ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ገጣሚዎችና ጠጋኞች በየዕለቱ የሚጠቀሙበት ሌላ ቃል ካላቸው ግን የነሱ ቃል ይቅደም፤ በተለይ «ተንሸራታች» ላልነው ክፍል ከነሱ የተሻለ ስም ቢመጣ ደስ ይለናል። በ«መፍቻ»ና በ«ማላቀቂያ» መካከል ግን ለድርድር የሚቀር ነገር አይታየንም።