ለሌላ ቺፕ የሚሠራ ኮምፓይለር

የኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8 ማይክሮኮንትሮለር ራም 20 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር እዚያ ላይ ሊሠራ አይችልም፤ ኮዱ በላፕቶፕ ላይ ኮምፓይል መደረጉ ግድ ነው። ይበልጥ የሚደነቀው ግን ሊኑክስ ለሚጫንባቸው ቦርዶች የሚዘጋጀው ኮምፓይለር ነው፦ ሙሉ ኮምፓይለር የሲ ላይብረሪ ይፈልጋል፣ ላይብረሪው ደግሞ ኮምፓይለር። ቋጠሮው የሚፈታው በመጀመሪያ ጎደሎ ጂሲሲ ተሠርቶ፣ በእሱ ላይብረሪው ተገንብቶ፣ ከዚያ ጂሲሲው እንደገና በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ነው። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

«ተዘጋጅቶ የሚወርድ ኮምፓይለር እያለ ድካሙ ለምን?» የሚሉ አሉ፤ ለብዙው ሥራ ልክ ናቸው። ነገር ግን ከሲ ላይብረሪው ከጂሊብሲ 2.34 ጋር በዳይናሚክ ሊንክ የተያያዘ ፕሮግራም 2.31 ወዳለው ቦርድ ሲሄድ፣ ኮዱ እንከን ባይኖረውም፣ ገና ሲነሳ «2.34 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ሲስሩቱን፣ ማለትም ኮምፓይለሩ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች የያዘውን ፎልደር፣ ከቦርዱ ጋር አስማምቶ ያዋቀረ ሰው ይህን አስቀድሞ ይከላከላል፤ ኮምፓይለሩን ክሮስቱል-ኤንጂ በተባለው መገንቢያ መሣሪያ ከሠራው ደግሞ የመረጣቸው ቨርዥኖች በአንድ ፋይል ተመዝግበው ይቆዩለታል።