በልክ የቆመ ስፒከር

ሆም ቴአትር በወጉ ሲተከል ንግግሩ ከተዋናዩ አፍ ይወጣል፤ ከየትኛው ሳጥን እንደመጣ ጆሮ አይለይም። እዚህ ለመድረስ የባለሙያው ዋና መሣሪያ ሜትር ነው።

ባለ 5.1ን እንይ፤ አምስት ስፒከርና ባስ የሚያወጣ አንድ ሰብዉፈር። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ መሠረት የግራውና የቀኙ ስፒከር ከመሃል መስመር በ30 ዲግሪ ይቆማሉ። በመካከላቸው 2.5 ሜትር ካለ፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ መቀመጫው ያለውም 2.5 ሜትር ነው። የኋላዎቹ ሁለቱ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ ይውላሉ። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ትስተካከላለች።

የመሃሉ ስፒከር ላይ ልኬቱ ይረቅቃል። ከግራና ቀኙ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ከተቀመጠ ለአድማጩ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀርባል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ የእሱ 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይደርሳል። ባለሙያው ወይ ስፒከሩን ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ወይ ትክክለኛውን ርቀት አምፕሊፋየሩ ላይ ይሞላል፤ አምፕሊፋየሩም የቀደመውን ያዘገየዋል።

ቀጥሎ ሽቦው። ልባሱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጣል፤ የመዳቡ ክሮች በጣት ይገመዳሉ። አንድ ክር እንኳ ወደ ጎን ወጥቶ ሌላውን ማሰሪያ ከነካ ሾርት ያደርጋል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይታሰራል። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ቢታሰር አይቃጠልም፣ ዝምም አይልም። ባሱ ግን ይሳሳል፤ ከመሃል መሰማት የነበረበት ድምፅ መቆሚያ ያጣል። መፈተኛው 1.5 ቮልት ባትሪ ነው። ሽቦው ከአምፕሊፋየሩ ይነቀልና ፖዘቲቩ የቀዩን ጫፍ፣ ነጌቲቩ የጥቁሩን ለቅጽበት ይነካሉ። የስፒከሩ ክብ ሽፋን ወደ ውጭ ብቅ ካለ አስተሳሰሩ ትክክል ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል።

ሰብዉፈሩ ሌላ ጠባይ አለው። የ80 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ከ4 ሜትር ይረዝማል፤ ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ ጆሮ ከየት እንደመጣ በቀላሉ አይለየውም። ቦታውን የሚወስነው ክፍሉ ነው፤ አንዱ ቦታ ባሱን ያሳብጣል፣ ሌላው ይውጠዋል። ስለዚህ ባለሙያው ሰብዉፈሩን መጀመሪያ መቀመጫው ላይ ያኖረዋል። ባስ ያለው ሙዚቃ ከፍቶ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ያዳምጣል። ባሱ ሳያብጥ ሳይሳሳ የተሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ይሆናል።

ሳያቋርጥ እምም የሚል ድምፅ ካለ ብዙ ጊዜ መነሻው የ50 ኸርዙ መብራት ነው። ገመዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ሲነቀል ድምፁን ያቆመው ገመድ መንገዱን ያሳያል።

በመጨረሻ የሁሉም ስፒከር የድምፅ መጠን መቀመጫው ላይ እኩል እንዲሰማ ይስተካከላል። ስፒከርዎ ካላረካዎት ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን በሜትር ይለኩት፤ ሽቦውንም ፈትተው እንደገና ይሰሩት።