ባለቤቱ ያልተጻፈበት ዕቃ

ልጆቹን በውጭ አገር የሚያሳድግ ወገን ቶኪዮ ከደረሰ «አባዬ፣ ፒካቹ እንዳትረሳ» ተብሎ ነውና የሚመጣው፣ ሺቡያ የሚገኘውን ፓርኮ ሳይረግጥ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተው ይህ ትልቅ መደብር ፈርሶ እንደገና ተሠርቶ በ2019 ሲከፈት ስድስተኛ ፎቁ ለቪዲዮ ጌምና ለካርቱን ተሰጠ። ኒንቴንዶ፣ ፖኬሞን፣ ካፕኮምና የማንጋ ሳምንታዊው ጃምፕ እዚያ ጎን ለጎን ሱቅ አላቸው።

ሳላደንቅ የማላልፈው ነገር አለ። ከፎቁ በላይ ቲያትር ቤት፣ ከበታቹ የሥዕል ማሳያ አለ። ጨዋታ የልጅ ነገር ነው ተብሎ ወደ ጓዳ አልተገፋም፤ ሸሚዝና ኩባያ የሚያገላብጠውም አብዛኛው ጎልማሳ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። በጃምፕ ሱቅ የሚሸጠው ማንጋ የደራሲውን ስም በሽፋኑ ይዟል፤ «ዋን ፒስ»ን ያነበበ ሁሉ ኤይቺሮ ኦዳን ያውቃል። ጥቂት እርምጃ ራመድ ብለን ወደ ጌሙ ስንሻገር ግን ዕቃው የሚታወቀው በገጸ ባህሪውና በኩባንያው ምልክት ነው። ይህ ድንገት የመጣ አይደለም። በ1980ዎቹ ካፕኮምን ጨምሮ ብዙ የጃፓን ጌም ኩባንያዎች ባለሙያ እንዳይነጠቁ ፈርተው ሠራተኞቻቸውን በቅጽል ስም ብቻ ያስጽፉ ነበር።

እንደ መሐንዲስ የሚቆረቁረኝ የጉንፔይ ዮኮይ ነገር ነው። በ1965 ኒንቴንዶ ሲቀጠር ሥራው የመጫወቻ ካርታ ማምረቻ ማሽኖችን መጠገን ነበር። ለራሱ መዝናኛ የሠራትን የምትዘረጋ እጅ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ አይተው በ1966 ለገበያ አዋሏት። በ1989 ደግሞ እሱ ከሚመራው ክፍል ጌም ቦይ ወጣ። ፍልስፍናው የታወቀ ነው፤ ያረጀና የረከሰ ቴክኖሎጂ ወስዶ ማንም ላላሰበው ጥቅም ማዋል። ተፎካካሪዎቹ ባለ ቀለም መስኮት ይዘው ባትሪ ሲጨርሱ፣ ቀለም አልባው ጌም ቦይ ከባለ ቀለሙ ተከታዩ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ፖኬሞንም በ1996 የተወለደው በዚሁ ዕቃ ላይ ነው። ዛሬ ፒካቹን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ዮኮይን የሚያውቅ ጎልማሳ ስንት ነው?

«ሱቅ ሱቅ ነው፣ ታሪክ የፈለገ ሙዚየም ይሂድ» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው የማንጋው ሱቅስ ምን ሆኖ ነው የደራሲውን ስም ይዞ ከበረ እንጂ ያልከሰረው?

ነገሩ እኛንም ይነካል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈውልናል፤ የዚያ ዓመት ሕገ መንግሥታችንም የተቀዳው ከሜጂው ነው። ምሁሮቻችን የጃፓንን ብርታት በዙፋኑና በሕጉ ሲፈልጉ፣ አገር ቤት ግን ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባለ ከማኅበር ይገለል ነበር። ማሽን ጠጋኙ የሠራውን መጫወቻ አንስቶ የሚያይ አለቃ እኛ ዘንድ በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኝ ነበር?