የብሩስ መጽሐፍ፣ የባሉጋኒ እጅ፦ ስለ «ቋራ» ሥዕልና ስያሜ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 በኤዲንብራ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ ለዕፅዋትና ለእንስሳት የተሰጠ ነው። ኮሶ፣ ጤፍ፣ እንሰት፣ ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ ቀንጠፋ በየሥዕላቸው ግርጌ በአገር ስማቸው ተጠርተዋል። ለሥነ ልሳን አጥኚ ከሥዕሉ ይልቅ ስያሜው ይበልጥበታል፤ ሆኖም ሣዩና ሰሚው ማን እንደነበሩ ሳይለይ ማስረጃው ሙሉ አይሆንም።

ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ አስመስሎ አቀረበ። ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ጥበብ ማእከል የሚገኙት የውሃ ቀለም ሥዕሎች ግን በአብዛኛው በ1765 የቀጠረው የቦሎኛው ተወላጅ የሉዊጂ ባሉጋኒ ሥራዎች ናቸው። ባሉጋኒ በ1770 እስከ ግሽ ዓባይ አብሮት ተጉዟል፤ በመጽሐፉ ትረካ ግን በዚያ ስፍራ የለም። በ1771 መጀመሪያ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ከጎንደር የወጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ በመሆኑ፣ በራስ ኤል ፊልና በቴዋ፣ ማለትም በዛሬው የመተማና የገዳሪፍ መስመር፣ በዚያ ጉዞ የተሣለ ነገር ቢኖር የባሉጋኒ ሊሆን አይችልም። (ሥዕሎቹ ራሳቸው ለጥቂት ተረፉ፤ ግመሎቹ በኑቢያ በረሃ ሲያልቁ ጓዙ ተጥሎ፣ ኋላ ከአስዋን ተመልሰው አነሡት።)

ይበልጥ የሚያከራክረው «ቋራ» ነው። ብሩስ ይህን ኮርችም የሚባል ዛፍ ከድንበሩ አገር ከቋራ ጋር አያይዞ፣ ቀይ ፍሬው የወርቅ መመዘኛ እንደሆነ ጽፎ፣ «ካራት» የሚለው ቃል ከዚህ ወጣ ይላል። የመመዘኑ ወሬ ሊታመን ይችላል፤ የቃሉ ዝምድና ግን አይቆምም። ካራት በዐረብኛው «ቂራጥ» በኩል ወደ ግሪክኛው የካሮብ ፍሬ ስም ይመለሳል። የቂራጥ መድረሻ «ጥ» በቋራ ውስጥ የለም፤ የቋራ ከንፈራዊ «ቋ» ደግሞ በቂራጥ ውስጥ የለም። ብሩስን ያሳሳተው የጆሮ ተመሳስሎ ነው፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፉም «ቋ»ን ከ«ኳ»፣ በቀንጠፋም «ጠ»ን ከ«ተ» ስለማይለይ ስሕተቱን ሸፈነለት።

ግእዝ የተማረው አሌክሳንደር መሪ በ1805 ያዘጋጀው ሁለተኛ እትም ስለ ባሉጋኒ ከብሩስ ይልቅ ፍትሐዊ ነው። ስለዚህ ከቅጹ ስም የሚለቅም መዝገበ ቃላት ሣዩን፣ ሰሚውንና የላቲን አጻጻፉን በየራሳቸው ዓምድ ቢያሰፍር ይሻላል፤ «ቋራ» ሲመዘገብም የዛፉ ስምና የአገሩ ስም ለየብቻ ይግቡ።