ከንግሥቲቱ ከል በስተጀርባ፦ የዊትቢ ጌጣጌጥ ቤቶችና የዮርክሻየር ቅርስ

በዮርክሻየር አውራጃ፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ ባለችው ዊትቢ፣ ቸርች ስትሪት በተባለው ጠባብ መንገድ ላይ የጌጣጌጥ ቤቶቹ መስኮት ጥቁር በጥቁር ነው። የሚሸጡት ጄት ነው፤ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወድቆ በባሕር ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ዛፍ ቅሪት። ለገዢ የሚነገረው ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1861 ይጀምራል፦ ልዑል አልበርት ሞተ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ከል ለበሰች፣ አገሬውም ጥቁር ጌጥ ፈለገ።

ታሪኩ እውነት ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ሮማውያን ዮርክን ሲገዙ ጄት በከተማዋ ይቀረጽ እንደነበር በዮርክሻየር ሙዚየም ያሉት የፀጉር መርፌዎችና የአንገት ጌጦች ይመሰክራሉ። በ1840ዎቹ በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር አገር ጎብኚውን ዊትቢ ድረስ አመጣ፤ በ1851 ደግሞ የከተማዋ ሥራ በለንደኑ ታላቅ ዐውደ ርዕይ ቀረበ። ሐዘኑ ገበያውን አሰፋው እንጂ አልፈጠረውም።

የንግሥቲቱ ሐዘን ጎልቶ ሲተረክ የሚጋረዱት ሠራተኞቹ ናቸው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 በላይ ሰዎች በዚህ ሙያ ያድሩ ነበር። አንዱ ገደሉን ቦርቡሮ ጄቱን ያወጣል፣ ሌላው በሚሽከረከር ሞረድ ቅርጽ ያስይዘዋል፣ ሌላው የብረት ዝገት በሚመስል ቀይ ዱቄት እንደ መስተዋት እስኪያበራ ያወለውለዋል። ጄት እንጨትነቱን አልረሳም፤ ቀላል ነው፣ ሲነኩት አይቀዘቅዝም፣ ቀራጩ ስንጥቁን ካላየ በእጁ ላይ ይሰበራል። ባልተወለወለ ሸክላ ላይ ሲፈገፈግ ቡናማ መስመር ይተዋል። እሱን መስሎ የተሸጠው ጥቁር ብርጭቆ ግን እጅ ላይ ቀዝቃዛና ከባድ ነው። በ1880ዎቹ ንግዱን የጎዳውም ይኸው ማስመሰያ፣ ከስፔን የገባው ለስላሳ ጄትና የፋሽኑ መለወጥ ነበር።

በአንድ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ከተገኘ በኋላ ተነቅሎ በቸርች ስትሪት እንደገና የተተከለው የቪክቶሪያ ዘመን ወርክሾፕ፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም የመስኮት ጌጥ የበለጠ ቅርስ ነው። ሞረዱና አግዳሚው ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር ያሳያሉ፤ ሱቁ ግን ውጤቱን ብቻ ያሳያል። ከጀርባቸው ወርክሾፕ ያላቸው፣ ጎብኚው ቀራጩን ሲሠራ እንዲያይ የሚፈቅዱ ቤቶች ስለዚህ ልዩ ክብር ይገባቸዋል። ሌሎቹም ቢሆኑ ከ"ንግሥቲቱ የወደደችው ጌጥ" ከሚለው ወሬ ጎን፣ ጥሬው ከየትኛው ዳርቻ እንደተለቀመና ማን እንደቀረጸው በካርድ ላይ ቢጽፉ ምንም አይከብዳቸውም። ገዢው ለአውራጃዋ ቅርስ ነው ብሎ ሲከፍል፣ ገንዘቡ ተለማማጅ ቀራጭ ለማሠልጠን ይውላል ወይስ ለሌላ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።